ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት፦ ስለ አንድ መመሪያ የቀረበ ሂስ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የተሰኘ መመሪያ፣ መከራ ለተደራረበባቸው ሰዎች በንግግር የሚሰጥ ሕክምናን በአምስት ሳምንታዊ ቀጠሮዎች ያቀርባል። የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ረዳቶች ሊሰጡት መቻላቸው፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ለደረሰባቸው ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ታላቅ ብልሃት ነው። ምስጢር መጠበቅንና ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን በግልጽ መጠየቅን ማስቀደሙም የሚያስመሰግነው ነው።

ሆኖም መመሪያው ለአንድ ቀጠሮ 90 ደቂቃ ይመድባል። በተመላላሽ ሕክምና ክፍሎቻችን ግን እንኳን 90 ደቂቃ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ማግኘትም ያዳግታል። ሌላው ችግር የታካሚው ግምት ነው። ሕክምና ሲባል መርፌና ክኒን የሚጠብቅ የሀብሩ ገበሬ ጥያቄ ብቻ ሲቀርብለት «መች ታከምሁ» ብሎ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ታካሚው ከመጀመሩ በፊት ሊነገረው የሚገባው አለ። ሕክምናው ምክር መቀበል ብቻ ሳይሆን በየቤቱ የሚለማመደው ሥራ ነው፤ ለውጡ በአንድ ቀን አይመጣም። ያልፈለገውን እንዲናገር አይገደድም። ምስጢሩ ይጠበቃል፤ የራሱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ግን ሌላ ባለሙያ ሊያውቀው ይችላል። ጸበል ወይም ዱዓ መተው አይጠበቅበትም። ሕመሙ ከጠና ወደ ሆስፒታል ይላካል።

«ሆድ ይፍጀው» ብሎ የኖረ ሰው አፉን የሚከፍተው ምን እንደሚጠብቀው ሲያውቅ ነው። ለዚህ ማብራሪያ የምናውላት ጊዜ የሕክምናው የመጀመሪያ ክፍል እንጂ ብክነት አይደለችም።