ውሃው ከመለቀቁ በፊት
በበረሓ ወንዞች ዳር ረግረግ ሲሠራ ስለሚደረገው የጥንት ቅርስ ምርመራ

በበረሓ የሚፈስ ወንዝ ሲደርቅ ሰው ሁሉ ያዝናል፤ እንደ ገና ውሃ ተለቆበት ፊላና ቄጠማ ሲያበቅል፣ ወፍም ሲሰፍርበት፣ ሁሉ ይደሰታል። በዚህ ደስታ መካከል ግን «ከውሃው በታች የቀረው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የመረጥናቸው በሰሜን አሜሪካ በአሪዞና ግዛት የሚገኙትን የሶልት፣ የሂላና የሳንታ ክሩዝ ወንዞች ነው። የመረጥንበትም ምክንያት በዚያ አገር ሕጉ ከተጻፈ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፣ ቁፋሮውም ስለ በዛ ነው። ሕግ በሌለበት አገር ጉድለት ሲገኝ ጥፋቱ የሕግ እጦት ነው ይባላል፤ ሕጉ ተሟልቶ ሳለ ጉድለት ሲገኝ ግን ጥፋቱ የአሳብ ነውና፣ እርሱን መተቸት ይበልጥ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን የቦታውን ታሪክ በአጭሩ እንናገር። ዛሬ የፊኒክስ ከተማ የተንሰራፋችበትን ሜዳ፣ የጥንት ታሪክ መርማሪዎች ሆሆካም የሚሏቸው ሕዝቦች ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ450 ገደማ ጀምሮ እስከ 1450 ገደማ ድረስ በመስኖ አርሰውታል። የሶልትን ወንዝ እየጠለፉ የቈፈሯቸው ዋና ዋና ቦዮች ርዝመት ቢደመር ከ500 ማይል እንደሚበልጥ ይገመታል። ያለ ብረት መሣሪያ፣ ያለ ጋማ ከብት፣ በእንጨትና በድንጋይ ብቻ የተቈፈረ መሆኑን ስናስብ ግምቱ ራሱ ያስደንቃል። የዛሬዎቹ አኪሜል ኦኦዳም፣ ማለት «የወንዙ ሰዎች»፣ እነዚያን ቈፋሪዎች ሁሁጋም እያሉ አባቶቻችን ናቸው ይላሉ።

በ1867 ጃክ ስዊሊንግ የተባለ ሰው ወደዚያ መጥቶ ደለል የሞላባቸውን አሮጌ ቦዮች አየና ጠርጎ ውሃ ለቀቀባቸው። ከተማዪቱም ከአመድ በሚነሣው ወፍ ስም ፊኒክስ ተባለች፤ አመዱ የማን እንደ ሆነ ግን በስሙ ውስጥ አልተነገረም። ከዚህ በኋላ በ1908 የግራኒት ሪፍ መጥለፊያ ግድብ፣ በ1911 ደግሞ የሩዝቬልት ግድብ ተሠሩ፤ የሶልትም ወንዝ በከተማዪቱ በኩል ደረቀ። በሂላ ወንዝ ላይም ከ1860ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከላይ በኩል የሰፈሩት አዲስ ገበሬዎች ውሃውን ስለ ጠለፉት፣ ከታች ያሉት አኪሜል ኦኦዳም እርሻቸው ጠፍቶ ተራቡ። በአገራችን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው በእነርሱ ላይ ቃል በቃል ደረሰ።

እንግዲህ ዛሬ ረግረግ የሚሠራው በእነዚህ በደረቁ ወንዞች ዳር ነው። ሶልትና አጉዋ ፍሪያ ከሂላ ጋር በሚገናኙበት አካባቢ፣ ትሬስ ሪዮስ በሚባለው ቦታ፣ በ1995 የሙከራ ረግረግ ተሠራ፤ ሰፊው ሥራም በ2000 በአሜሪካ ምክር ቤት ተፈቀደ። ውሃው ከተማዪቱ ተጠቅማ አጣርታ የምትለቀው ፍሳሽ ነው። በፊኒክስ መካከልም ሪዮ ሳላዶ የተባለው የወንዝ ዳር ተክል በ2005 ለሕዝብ ተከፈተ። እነዚህን ሥራዎች የምንነቅፍ አይደለንም። ጠጠር የሚዛቅበትና ቆሻሻ የሚጣልበት የነበረ ወንዝ አኻያ ሲያበቅል ማየት መልካም ነው። የምንነቅፈው ከሥራው በፊት የሚደረገውን የቅርስ ምርመራ፣ እርሱንም ቢሆን መደረጉን ሳይሆን የሚደረግበትን መንገድ ነው።

በ1966 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቅርስ ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 106 የመንግሥት ገንዘብ ለአንድ ሥራ ከመፈቀዱ በፊት፣ ወይም ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት፣ ሥራው በታሪካዊ ቦታዎች ላይ የሚያደርሰው ነገር ይታሰብበት ይላል። «ይታሰብበት» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል። ሕጉ አትሥራ አይልም፤ አስበህ ሥራ ነው የሚለው። ስለዚህ የሕጉ ኀይል ሁሉ ያለው «በፊት» በሚለው ቃል ላይ ነው። የኩሬው ወሰን ተለክቶ፣ ሥዕሉ ተነሥቶ፣ ሒሳቡ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የጥንት ታሪክ መርማሪ ቢጠራ፣ ኩሬው ወዴት ይዛወር ብሎ ለመነጋገር ጊዜው አልፏል፤ የሚቀረው ቁፋሮው ስንት ቀንና ስንት ገንዘብ ይፈጃል የሚለው ብቻ ነው። ይህ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደ ጮኸው ውሻ ነው፤ ጩኸቱ እውነተኛ ነው፣ ጅቡን ግን አይመልስም።

ሁለተኛውና እኛ ዋና የምንለው ነገር ደለል ነው። ስለ ቅርስ ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው በ1960 ዓለም ሁሉ ወደ ተጠራበት ወደ ኑብያ ነው። በዚያ ግን አቡ ሲምበል በድንጋይ ቆሞ ይታይ ነበር፤ ውሃው ሊውጠው መሆኑን ለማወቅ ዐይን ይበቃል። በበረሓ ወንዝ ሜዳ ላይ ግን ቅርሱ ከጭቃ የተሠራ ቦይ፣ ከጭቃ የተሠራ ቤት ወለል፣ የተቃጠለ የበቆሎ ፍሬ ነው፤ ወንዙም በየጎርፉ ደለል እያለበሰ ሰውሮታል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው መሬቱን እያዩ በመሄድ ነው። ገል ካገኙ ይመዘግባሉ፤ ካላገኙ «ምንም የለም» ተብሎ ይጻፋል። በኮረብታ ላይ ይህ መልካም ዘዴ ነው። በወንዝ ሜዳ ላይ ግን «ምንም አላየንም» እና «ምንም የለም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እንዲያውም ደለሉ በወፈረ መጠን ከላይ የሚታየው ያንሳል፣ ከታች ያለው ግን በደኅና ተጠብቆ ይቈያል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በቱሶን ከተማ አጠገብ በሳንታ ክሩዝ ወንዝ ዳር ያለው ላስ ካፓስ ነው። ስሙ በስፓኝ ቋንቋ «ድርብርቦቹ» ማለት ነው፤ በእርግጥም ስሙን የሚመስል ቦታ ነው። መርማሪዎች ቆፋሪ መኪና አስገብተው ደለሉን በጉድባ ሲቈርጡት፣ ዕድሜያቸው ከ3,000 ዓመት የሚበልጥ የመስኖ ቦዮችና እርሻዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ተገኙ። ከዚያ በፊት በዚህ ምድረ በዳ መስኖ ይህን ያህል ጥንታዊ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመን በ2008 እና በ2009 የተደረገው ትልቁ ቁፋሮ የመጣበት ምክንያት ነው፤ ይኸውም የከተማዪቱን ፍሳሽ የሚያጣራው ጣቢያ ሊሰፋ ስለ ነበረ ነው። ማለት፣ ዛሬ በሳንታ ክሩዝ ታች ፊላ የሚያበቅለው ውሃ በከፊል ከዚያው ጣቢያ የሚወጣ ነው። አሮጌውን ቦይ ያስቈፈረው ጣቢያ አዲሱን ረግረግ ያጠጣል።

በዚያው ወንዝ አጠገብ በ2015 ማብቂያ ላይ መንገድ ከመሠራቱ በፊት በተደረገ ምርመራ ደግሞ ጎርፍ የሸፈነው የጥንት እርሻ ተገኘ፤ በእርሻው ጭቃም ላይ የዐዋቂዎች፣ የሕፃንና የውሻ ኮቴ ታትሞ ነበር። ከ2,500 ዓመት በላይ የቈየ ነው። ውሃ የሚያጠጣ ሰው ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር፣ ሕፃኑ ሲከተል፣ ውሻው ሲዞር ይታያል ማለት ነው። ከላይ በእግር ለሄደ መርማሪ ግን ያ ቦታ ባዶ ሜዳ ነበር።

በጉድባ መመርመር ውድ ነው ይባላል። ውድ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ረግረግ የሚሠራ መሐንዲስ የአፈሩን ዐይነትና የከርሰ ምድሩን ውሃ ጥልቀት ለማወቅ በየቦታው ጉድጓድ ማስቈፈሩ አይቀርም። በዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ የጥንት ታሪክ መርማሪና አንድ የደለል ዐዋቂ ቆመው ቢያዩ ምን ያህል ወጪ ይጨምራል? መሐንዲሱ አፈሩ ውሃ ይይዝ እንደ ሆነ ያያል፤ መርማሪው አፈሩ የማን እርሻ እንደ ነበረ ያያል። ለሁለቱም አንድ ጉድጓድ ይበቃቸዋል።

ሌላው ጉድለት የመዝገቡ ነው። መርማሪው ያገኘውን በካርታ ላይ በነጥብ ወይም በትንሽ ክብ ያመለክታል፤ ከሥራው ወሰን ውጭ ያለውን አይመለከትም። ቦይ ግን ነጥብ አይደለም፤ ራሱ ከወንዙ፣ እግሩ ከእርሻው የሆነ መስመር ነው። ኩሬው ከመካከሉ አንድ መቶ ሜትር ቢወስድ በወረቀት ላይ የተነካው ጥቂት ነው፤ በእውነቱ ግን ውሃ ከየት ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ የሚናገረው ነገር ተቈርጧል። ኦማር ተርኒ የተባለው መሐንዲስ በ1920ዎቹ የሶልትን ሜዳ የጥንት ቦዮች በካርታ ሲነሣ የመስመሩን ነገር ገብቶት ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ቦዮች በቤትና በመንገድ ስር ስለ ሆኑ ያ ካርታ የማይተካ ሆኖ ቀርቷል።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ መዝገብ ልማድ አንድ ነገር ታሪካዊ ለመባል ዘወትር 50 ዓመት ሊሞላው ይገባል። ስለዚህ በ1878 የተቈፈረው ግራንድ ካናል ታሪካዊ ነው፤ ይህ ማንንም አያከራክርም። ነገር ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በወንዙ ውስጥ የተጣለው ቆሻሻም ዕድሜው ሞልቷል! ቆሻሻውን እንጠብቅ አንልም፤ ዓመት ቈጥሮ ብቻ የሚፈርድ ሰው ወዴት እንደሚደርስ ለማሳየት ነው።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። በብሔራዊ መዝገብ ለመግባት ከተወሰኑት አራት መለኪያዎች መካከል በፊደል ዲ የሚጠራው፣ ቦታው ስለ ጥንት ዘመን ዕውቀት የሚሰጥ ሲሆን ዋጋ አለው ይላል። የተቀበሩ ቅርሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት በዚህ ነው። ተንኰሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የቦታው ዋጋ ዕውቀቱ ብቻ ከሆነ፣ ዕውቀቱ ተቈፍሮ ከወጣ በኋላ ቦታው ዋጋ የለውም ማለት ነው። መጽሐፉን አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው እንደማለት ነው። እስከ 1999 ድረስ የነበረው ደንብ ቦታው በሚገባ ከተቈፈረ ጉዳት እንዳልደረሰበት ይቈጥር ነበር፤ በ1999 የተሻሻለው ደንብ ግን ቁፋሮውም ቢሆን ጉዳትን አይሽርም አለ። በ1992 ሕጉ ሲሻሻልም ከአገሬው ነገዶች ጋር መማከር ግዴታ ሆኗል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የሆነ ሆኖ የመማከሩ ደብዳቤ ወሰኑ ከተለካ በኋላ ቢጻፍ፣ ቀድሞ ስለ «በፊት» የተናገርነው ይመለሳል።

አንድ የትምህርት ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይቶ ሁለት ነገር ተከራከረን። አንደኛ፣ ውሃ ቅርስን ይጠብቃል እንጂ አያጠፋም አለ። ዘወትር በውሃ ስር የሚቈይ እንጨት እንደማይበሰብስ እናውቃለን። ነገር ግን በ1981 የታተመው የአሜሪካ የግድብ ሐይቆች ጥናት ያሳየው፣ ሐይቅ የዋጠው ቅርስ በጠቅላላው እንደሚጐዳ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳውም ውሃው ከፍ ዝቅ በሚልበት ዳር ያለው እንደ ሆነ ነው። ረግረግ ደግሞ ምንድን ነው? ሁለንተናው ዳር ነው። አንድ ወር ይሞላል፣ አንድ ወር ይጐድላል፤ ጨው ይወጣል፤ የፊላውና የአኻያው ሥር ይቈፍራል። ጭቃ ለሆነ ግንብ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም።

ሁለተኛው ክርክሩ ግን ከባድ ነው። «ጣቢያው ባይሰፋ፣ መንገዱ ባይሠራ፣ ላስ ካፓስንም ሆነ ኮቴዎቹን ማን ያውቃቸው ነበር?» አለን። እውነቱን ነው። ለምርመራው ገንዘብ ያመጣው ግንባታው ነው፤ ይህንን ክደን ብንጽፍ ሐሰተኞች እንሆናለን። የምንመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንባታው ባያስቈፍረው ቦታው በደለሉ ስር ተኝቶ የተሻለ መሣሪያ ያለውን የልጅ ልጅ መርማሪ ይጠብቅ ነበር። አሜሪካዊው ኤሚል ሃውሪ ስኔክታውን የተባለውን የሆሆካም ከተማ በ1934 እና 1935 ቈፍሮ፣ በ1964 እና 1965 ተመልሶ ሲቈፍረው፣ የቀድሞውን አሳቡን በብዙ ያረመው የቀረ ያልተነካ መሬት ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ቦታው በአፈር ተሸፍኖ፣ ለጐብኚ ተዘግቶ፣ በሂላ ወንዝ ነገድ መሬት ውስጥ ይገኛል።

የዚሁ ነገድ ሥራ ነው ትችታችንን ከቃል ወደ ምሳሌ የሚያደርሰው። በ2004 በወጣ ሕግ የውሃ መብታቸው ከተመለሰላቸው በኋላ፣ ከኮሎራዶ ወንዝ በቦይ የሚመጣውን ውሃ የከርሰ ምድሩን ለመሙላት በደረቀው የሂላ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ጀመሩ። ከእነዚህ መልቀቂያዎች አንዱ ኤም.ኤ.አር. 5 ይባላል፤ በዳሩ ያለው የእግር መንገድ በ2018 ተከፈተ። ውሃው ሲመለስ ፊላና አኻያ በቀሉ። የአኪሜል ኦኦዳም ሰፌድ የሚሰፋው በፊላና በአኻያ ነው፤ ወንዙ በደረቀ ጊዜ ሰፊዎቹ ያጡት ውሃውን ብቻ ሳይሆን ስንደዶአቸውንም ነበር። በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ ፊላ ውሃ የሚያጣራ ተክል ተብሎ ይጻፋል፤ በመርማሪው ወረቀት ላይ ደግሞ መሬቱን የሚከልል አረም ነው። ሰፊዋ ሴት በአንደኛውም ወረቀት ላይ የለችም፤ ከሦስቱ ግን ፊላው ከየትኛው የወንዙ መታጠፊያ ይቈረጥ እንደ ነበር የምታውቀው እርሷ ናት።