ቀንድና መርፌ፦ የአንኮበር ዋግምት ከአኩፓንክቸር ታሪክ አንጻር

በሰሜን ሸዋ የባህል ሕክምና ላይ የሚጻፈው በአመዛኙ ስለ ተክል ነው። በአንኮበር ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት 135 የመድኃኒት ዕፅዋትን መዝግቧል፤ ለአካባቢው ትልቅ ውለታ ነው። ምሁሩ ስቴፋን ስትረልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሞ ያስተዋወቃቸው የብራና መድኃኒት መጻሕፍትም በብዛት የሚዘረዝሩት ሥርና ቅጠል ነው። በቀንድ የሚዋግመው፣ በጋለ ብረት የሚተኩሰው፣ የወለቀውን የሚመልሰው ወጌሻ ግን ሥራው በእጁ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ይህ ክፍተት ምን እንዳሳጣን የሚያሳየን የቻይናው አኩፓንክቸር፣ በመርፌ የመውጋት ሕክምና፣ ታሪክ ይመስለኛል።

ዋግምት አሠራሩ የታወቀ ነው። ጫፉ የተበሳ የከብት ቀንድ በታመመው ቦታ ላይ ይደፋል፤ ዋጋሚው አየሩን በአፉ ስቦ ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል። ቆዳው ሲያብጥ በምላጭ ይበጣል፣ ቀንዱ ተመልሶ ይደፋል፣ የረጋ ደም ይወጣል። ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም፣ ቁርጥማት የያዘው ሰው ወደዚህ ይሄዳል። በቻይናው ማዋንግዱዪ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት በተዘጋ መቃብር ውስጥ የተገኘ የሐር ላይ ጽሑፍም ለኪንታሮት በቀንድ መሳብን ያዛል። ዛሬ በቻይና ክሊኒኮች የምናየው የብርጭቆ ዋንጫ የዚያ ቀንድ ልጅ ነው። ሞክሳ በሚባለው የማጤስ ሕክምናም የሚነደው የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ በሆነ ቅጠል ነው። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይቻልም፤ ደምን በቀንድ ወይም በዋንጫ መሳብን ግብጾችም ግሪኮችም ዐረቦችም ያውቁታል። ልዩነቱ የመጣው ኋላ ነው።

አኩፓንክቸር ሳይቋረጥ፣ ሳይለወጥ ከጥንት የወረደ ጥበብ ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። እውነቱ ከዚህ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1822 የቺንግ ቤተ መንግሥት ከንጉሠ ነገሥቱ የሕክምና ተቋም አስወጣው፤ በ1929 ደግሞ የባህል ሕክምናው በሙሉ እንዲታገድ የመንግሥት የጤና ባለሥልጣናት ሐሳብ አቀረቡ። መርፌው ራሱ ያኔ ከበጢ ምላጭ ብዙ አይርቅም ነበር። የዛሬውን መልክ በመስጠት ትልቁን ድርሻ የወሰደው ቻይናዊው ሐኪም ቼንግ ዳንአን (1899–1957) ነው። የሚወጉ ነጥቦችን ከደም ሥሮች አራቀ፣ ደም ማፍሰሱን ተወ፣ ወፍራሙን መርፌ በቀጭን ተካ፣ ነጥቦቹን በሰውነት አካል ጥናት መሠረት አስተማረ። ከ1956 ጀምሮ የባህል ሕክምና ኮሌጆች ተከፈቱ፤ በ2010 ዩኔስኮ አኩፓንክቸርንና ሞክሳን በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት የሄናን ክፍለ ሀገር የሐኪሞች ቡድኖች በአዲስ አበባው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል መርፌውን ይዘው ሲገኙ፣ ይዘው የመጡት ይህን የታደሰውን ነው።

ታድሶም ቢሆን በፈተና ፊት ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን የታተመ ጥናት 1,162 የወገብ ሕመምተኞችን ተከታተለ። ከስድስት ወር በኋላ በትክክለኛው ነጥብ ከተወጉት 47.6 በመቶው፣ ሆን ተብሎ ከነጥቡ ውጭ ላይ ላዩን ከተወጉት 44.2 በመቶው፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 27.4 በመቶው ተሻላቸው። የነጥቦቹ ካርታ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም፤ መወጋቱ፣ መዳሰሱ፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚያክም ሰው ማግኘቱ ግን አመጣ። ይህ ውጤት የቻይናን ንድፈ ሐሳብ ያዳክማል። እኔን ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ስለ ዋጋሚው እጅ የሚያነሣው ጥያቄ ነው፤ ታካሚው በአንኮበር የሚያገኘው እፎይታ ከምን ይመጣል?

ተክል ለምን እንደቀደመ ይገባኛል። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ ከአራተኛው መቶ ዘመን የገ ሆንግ የሕክምና መጽሐፍ ፍንጭ ወስዳ የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን ከተክል አወጣች፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ወባን የምታክመው ከዚሁ ዘር በተሠራ መድኃኒት ነው። ከቅጠል ንጥረ ነገር ይወጣል፤ ከእጅ ምን ይወጣል? ሆኖም አደጋው ያለው እጁ ላይ ነው። አንድ ምላጭ በብዙ ሰው ላይ ሲውል የጉበት ቫይረስንና ኤችአይቪን ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ የባህል ሕክምናን ጠቃሚ ጎን በጥናት ማልማትን ጠይቆ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ከአንኮበር ብዙ አይርቅም። ቀንዱንና ምላጩን የሚመለከት ጥናት ከዚያ ቢጀመር ቦታው ነው።

ጥናቱ ግን የቼንግን መንገድ እንዳለ ሊገለብጥ አይችልም። እሱ ደሙን አስቀርቶ መርፌውን አዳነ። በእኛ ዘንድ ታካሚው መዳኑን የሚያምነው የረጋውን፣ የጠቆረውን ደም በዓይኑ ሲያይ ነው፤ ያለ ደም የተደፋ ቀንድ ለእሱ ዋግምት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አጥኚው ንጹሕ ምላጭ ከማደሉ በፊት ዋጋሚዎቹንና ታካሚዎቹን ስለ ደሙ መጠየቅ አለበት፤ መልሳቸው የጥናቱን አካሄድ ይወስናል።