ዕውቀቱን የማይሰስት ሻጭ

ከባሕር ዳር በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው እንጅባራ የቀርቀሃ አገር ናት። የአዊ ደጋ ያበቀለው ቀርቀሃ እዚህ ወንበር፣ ጠረጴዛና አልጋ ይሆናል። ዕቃው ያምራል፤ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የጥሩ ባለሙያ አንደበት ነው።

ዋጋ ሲጠይቁት ስለ ቀርቀሃው ያስረዳል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ቀርቀሃ ውኃ ስለሚበዛበት ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ነቀዝም ቶሎ ይደፍረዋል። በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ ወንበር መጋጠሚያው ይላላል። ዝናብ እንዳያገኘው፣ እርጥብ መሬት ላይም እንዳይውል ይመክራል።

ይህን የሰማ ገዢ ከጎረቤት ሻጭም መርጦ መግዛት ይችላል። ባለሙያው ይህን እያወቀ ይናገራል፤ ክብሩም እዚህ ላይ ነው። በአውራ ጎዳና ዳር፣ ገዢው መንገደኛ በሆነበት ገበያ፣ ለጋውን የበሰለ ብሎ መሸጥ ምን ያህል ቀላል ነበር! እውነቱን የነገሩት መንገደኛ ግን ስልክ ቁጥር ተቀብሎ ይሄዳል፤ ቤት ሲሠራ ይደውላል፤ ዘመዱንም ይልካል። ማስታወቂያ እንዲህ ያለ ደንበኛ አያመጣም።

በእንጅባራ ካለፉ፣ ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት ቀርቀሃው በስንት ዓመቱ እንደተቆረጠ ይጠይቁ። በደስታ ከሚያስረዳዎ ይግዙ።