በግ ለብሶ ሰማይ የወጣ

የድሮ የጦር አብራሪዎችን የበግ ቆዳ ጃኬት ፈልገው የሚያኖሩ ሰብሳቢዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባረፈችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ በፖቴዝ 25፣ አብራሪው የሚቀመጠው ጣራ በሌለው ክፍት ቦታ ነበር። ሽቅብ 1,000 ሜትር በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ሲታከልበትማ አያድርስ ነው! የእንግሊዝ አየር ኃይል የለበሰው የኧርቪን ጃኬት መላው ቀላል ነበር፦ ጸጉሩ ወደ ውስጥ፣ ቆዳው ወደ ውጭ። ጸጉሩ ሙቀት አምቆ ይይዛል፣ ቆዳው ነፋስ ይመልሳል።

ይህ ለጣና ዳር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ደበሎ ደርቦ በየደጁ የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ ያየ ሁሉ የበግ ቆዳን ውለታ ያውቃል። (ደበሎ ደግሞ የሚበላሽ ዚፕ የለውም።)

የተሰነጠቀ ክርን፣ የተጠገነ ስፌት፣ ላብ ያወዛው አንገትጌ፤ አብራሪው የተቋቋመውን ብርድ እነዚህን ያህል የሚመሰክር ፎቶግራፍ አላየሁም። እነሱ ከጠፉ የሚተርፈን የሞተሩ ታሪክ ብቻ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የአባቱን የበረራ ጃኬት በሣጥን ያስቀመጠ ካለ አይጠበው፣ ፀሐይም አያስነካው፤ የሐይቁ እርጥበት እንዳያሻግተው ነፋሻ ጥላ ውስጥ ያኑረው።