ካብና ግንብ፤ በተዳፋት ላይ ስለሚሠሩ የመኖሪያ ግቢዎች የቀረበ ሒስ

ስለ መኖሪያ ቤት አሠራር ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የቤቱ ነገር ነው እንጂ የደጁ ነገር አይደለም። ክፍሉ ስንት እንደ ሆነ፣ ጣራው በምን እንደ ተሸፈነ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚመለከት በሰፊው ይወራል። ቤቱ የቆመበትን መሬት የሚይዘው ግንብ፣ ሰው የሚወጣበትና የሚወርድበት ደረጃ፣ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ የሚሞቅበት የድንጋይ ንጣፍ ግን ለግንበኛው ይተዋሉ። ግንበኛውም ቤቱ ካለቀ በኋላ፣ ገንዘቡም ካለቀ በኋላ፣ በተረፈው ሲሚንቶ ይሠራቸዋል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን የተረፈ ሥራ እንደ ዋና ሥራ ቈጥረን ልንመረምረው አስበናል። ለዚህ ያነሣሣን አንድ የወደቀ ግንብ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ሠፈር፣ እኛ ከምንኖርበት ቤት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን የድንጋይ ግንብ ሌሊት ተገንድሶ በታችኛው ጎረቤት ማድ ቤት ላይ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፤ በዚያ ሰዓት ማድ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ምጣድና ማሰሮ ብቻ ነበሩ። ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ቢወድቅ ኖሮ ግን እንጀራ ለመጋገር በማለዳ የምትነሣውን ልጅ ያገኛት ነበር።

ሲነጋ የሠፈሩ ሰው ተሰብስቦ ፈረደ። ፍርዱም ሲሚንቶው ተሰርቋል፣ አሸዋው በዝቷል የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ፍርድ በአገራችን በየወደቀው ግንብ ላይ ሳይመረመር ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ሊሆን ይችላል። በዚህኛው ግንብ ላይ ግን ማስረጃው ራሱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይታይ ነበር። ግንቡ የወደቀው ድንጋይ በድንጋይ ተበታትኖ አይደለም፤ እንደ ትልቅ ሳንቃ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ድንጋዩ ከድንጋዩ ሳይላቀቅ፣ ስቲላቱራው እንኳ ሳይሰነጠቅ፣ ሁለትና ሦስት ሜትር የሚሆኑ ክፋዮች ሙሉውን ተጋድመው አየን። ስለዚህ ሲሚንቶው ነቀፋ የለበትም። ግንበኛውም እጁ የተባረከ ሰው እንደ ነበረ ከድንጋዩ አጠራረብ መናገር ይቻላል። ታዲያ ምን ጎደለው?

በሜትር ለካነው፤ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነበር። ይህ የአጥር ውፍረት ነው። ጉዳዩም ያለው ከዚህ ላይ ይመስለናል። ባለቤቱ ግንበኛውን ሲጠራው «አጥር ሥራልኝ» ብሎታል፤ ግንበኛውም አጥር ሠርቶለታል። አጥር በሁለቱም ጎኑ ነፋስ ያለበት፣ ሰውንና ከብትን ለመለየት የሚቆም ነገር ነው። የመደገፊያ ግንብ ግን በአንድ ጎኑ ነፋስ፣ በሌላ ጎኑ መሬት አለበት፤ መሬት ደግሞ ይገፋል። በቋንቋችን ሁለቱም ግንብ ስለሚባሉ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሠራል ብለን እናምናለን።

አፈር በግንብ ላይ የሚያሳድረውን ግፊት በሚገባ ካሰሉት የመጀመሪያ ሰዎች አንዱ ኩሎም የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። በማርቲኒክ ደሴት ለብዙ ዓመታት ምሽግ ሲያሠራ ከቆየ በኋላ፣ በ1773 እ.ኤ.አ. ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ ይህን ነገር አስረዳ። የሒሳቡ ፍሬ ነገር ለመያዝ አያስቸግርም፤ የግንቡ ቁመት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መካከለኛ አሸዋማ አፈር ወስደን ብናሰላ፣ ከጀርባው ደረቅ አፈር ያለበት የሁለት ሜትር ተኩል ግንብ በእያንዳንዱ የሜትር ርዝመቱ ላይ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ግፊት ይሸከማል። ያው አፈር በውኃ ተሞልቶ ውኃው መውጫ ቢያጣ ግፊቱ ወደ 4 ቶን ይደርሳል። በራሱ ክብደት ብቻ የሚቆም ግንብ ይህን ለመቻል እግሩ ከቁመቱ ግማሽ ያላነሰ ሊሰፋ ይገባዋል፤ በዚህ ልክ የእኛ ግንብ እግር ከ1 ሜትር ከ25 መብለጥ ነበረበት።

አንባቢ «እንግዲያውስ እስከ ዛሬ እንዴት ቆመ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። የዚያ ተራራ ግርጌ ቀይ አፈር ሲደርቅ ራሱን ችሎ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መንገድ ሲቆረጥ ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ በበጋ አፈሩን የያዘው ግንቡ አልነበረም፤ ግንቡ ከአፈሩ ፊት ለፊት ቆሞ ይታይ ነበር እንጂ። ክረምት ገብቶ አፈሩ ሲርስ የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ መጣበት፤ ያን ጊዜ አልቻለም። በደቡብና በምሥራቅ አዲስ አበባ ያለው ጥቁር መሬት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እሱ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከግንብ ጀርባ እሱኑ መልሶ መሙላት ጠላትን ቤት አስገብቶ በር እንደ መዝጋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ፍርስራሹን ስንመረምር ከግንቡ ሥር በየሁለት ሜትሩ የተቀበሩ ቱቦዎች አገኘን። የመጀመሪያው ግንበኛ ውኃው እንዲወጣ አስቦ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ቱቦዎቹ ሁሉ በሲሚንቶ ተደፍነዋል። ለምን እንደ ተደፈኑ ስንጠይቅ ታሪኩ ይህ ሆኖ ተገኘ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የታችኛዋ ባለቤት፣ አንዲት ባልቴት፣ ከላይ የሚወርደው ጭቃ ውኃ ማድ ቤታቸውን አረጠበው፤ የታጠበውንም ልብስ አበላሸው። ለባለግንቡ አመለከቱ፤ ሽማግሌም ገባ። ባለግንቡ ጨዋ ሰው ስለ ነበረ ቱቦዎቹን በራሱ ወጪ አስደፈነ፤ ይቅርታም ጠየቀ። ካብ ለካብ ይተያዩ የነበሩት ጎረቤታሞች ቡና ተጣጡ። ውኃው ግን ዕርቁን አልሰማም፤ ከግንቡ ጀርባ ተጠራቀመ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በደለኛ ፈልገን አላገኘንም። ይህም እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ነው። የሲሚንቶ ሌባ ቢኖር ኖሮ ጽሑፋችን አጭር በሆነ ነበር።

አባቶቻችን ግንብ ከማወቃቸው በፊት ካብ ያውቁ ነበር። ካብ ያለ ማያያዣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተመረጠ የሚደረደር ነው፤ በመካከሉ ክፍተት ስላለ ውኃ ያልፍበታል። የዚህ ጥበብ ታላቁ ምሳሌ በደቡብ ኢትዮጵያ ያለው የኮንሶ እርከን ነው። ይህ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ/ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዕድሜውም ከ400 ዓመት በላይ ይገመታል። የእርከኑ ካብ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ከተሞቻቸውም በድንጋይ ካብ የተከበቡ ናቸው። ብዙ ጊዜ ስለ ኮንሶ ሲጻፍ የሰዉ ትጋትና የድንጋዩ ብዛት ይመሰገናል፤ እኛ ግን ልናመሰግነው የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። የኮንሶ እርከን የሚበቃውን ውኃ ያስቀራል፤ የተረፈውን ደግሞ ወደ ታች ያሳልፋል። ይኸውም ካቡ የተሠራው አፈርን ለመከልከልና ውኃን ለማሰናበት ነው። የአዲስ አበባ ግንብ ሁለቱንም ይከለክላል።

ይህን ስንል ግን ወደ ካብ እንመለስ የሚል ስብከት እንዳይመስልብን። ካብ በየጊዜው መጠገን አለበት፤ በኮንሶ የሚጠግነው ማኅበር አለ፤ በከተማ ግን ለጎረቤት ካብ ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ካብ ሲሠራም ወደ አፈሩ ዘንበል ማለት፣ እግሩም መስፋት አለበት፤ ረጃጅም ማሠሪያ ድንጋዮችም ወደ ውስጥ ሊገቡበት ይገባል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ በከተማ ጥቂት ነው። ከአንድ ሜትር ለማይበልጥ ቁመት ግን፣ በተለይ አበባና ጎመን ለሚተከልበት መደብ፣ ካብ ከግንብ የተሻለም የረከሰም ይመስለናል። የመንገድ መሐንዲሶች በሽቦ ሣጥን ድንጋይ አሥረው ጋቢዮን የሚሉት እኮ ካብ ነው፤ ሽቦ ለብሶ ቢመጣ ሁላችንም አከበርነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሁለት ሜትር ተኩሉን በአንድ ግንብ ከመያዝ ይልቅ፣ በመካከሉ በቂ ስፋት ትቶ 1 ሜትር ከ25 በሆኑ ሁለት ግንቦች ማካፈል ይቻላል። ከላይ እንዳልነው ቁመቱ በግማሽ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ግንብ ላይ ያለው ግፊት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ይህን ለአንድ ባለቤት ብናስረዳው «ታዲያ ሁለት ሜትር መሬቴ ለምን ይባክን?» አለን። መሬት በካሬ በሚቆጠርበት ከተማ ይህ ቀላል መልስ አይደለም፤ እኛም ወዲያው የምንመልስለት አጣን። በኋላ ግን እናስታውሰው ዘንድ የሚገባን፣ ያ መካከለኛ እርከን የጠፋ መሬት አለመሆኑን ነበር፤ ጌሾና ጤና አዳም የሚበቅለው፣ ልጅም የሚጫወተው እዚያ ነው።

ስለ ንጣፍ ጥቂት እንበል። ዛሬ ግቢን በሊሾ፣ በታይል ወይም በኮብልስቶን ማስነጠፍ የንጽሕና ምልክት ሆኗል፤ ከጭቃ የሚያድን ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን በ100 ካሬ ሜትር ንጣፍ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000 ሊትር ውኃ ነው፤ በትልቁ በርሜል ብንሰፍረው 15 በርሜል ይሞላል። ሣር ቢሆን ኖሮ ከፊሉን በጠጣው ነበር። ሊሾ ግን ምንም አይጠጣም፤ በሲሚንቶ የተሞላ ኮብልስቶንም ከሊሾ እምብዛም አይለይም። መሬቱ ወደ ግንቡ ስለሚያዘቀዝቅ ንጣፉም ወደ ግንቡ ይዘቀዝቃል፤ 15ቱ በርሜል እንግዲህ የሚፈሰው በግንቡ ራስ ላይ ነው። ንጣፍ ከቤቱ ግድግዳ እየራቀ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢዘቀዝቅ፣ ከግንቡም በፊት ውኃውን ተቀብሎ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ቢኖረው ግንቡን ሊጠብቀው ይችል ነበር። በተመለከትናቸው ጥቂት ግቢዎች ውስጥ ግን ቦዩን በአንዱም አላየነውም። የሚያብረቀርቅ ታይል ከቤት ውጪ ስለ ማንጠፍ ምንም አንልም፤ በሐምሌ በላዩ የተንሸራተተ ሰው ከእኛ ይልቅ ያስረዳል።

ደረጃን በሚመለከት ደግሞ ከ300 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ብሎንዴል የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ሕንፃ መምህር ያስተማረው ልክ እስከ ዛሬ ይሠራል። የአንዱን ደረጃ ቁመት ሁለት ጊዜ፣ መርገጫውን አንድ ጊዜ ብንደምር 63 ሳንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት፤ ይህም የሰው እርምጃ ነው። ለምሳሌ ያህል ቁመቱ 15 ቢሆን መርገጫው 33 ይሆናል። በሠፈራችን የለካነው አንድ ደረጃ ቁመቱ 22፣ መርገጫው 25 ነው፤ ድምሩ 69 ይሆናል። የመጨረሻው ደረጃ ደግሞ ቦታ ስላነሰው 27 ከፍ ይላል። ውኃ በጄሪካን ተሸክማ የምትወጣ ሴት ጉልበቷ ይህን ሒሳብ ሳትማረው ያውቀዋል። ልጆች ሳለን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመኝታ ቤቱ ወደ መማሪያ ክፍሉ የሚወርድ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ነበረ። በጨለማ፣ እንቅልፍ በዓይናችን እያለ፣ መጽሐፍ ታቅፈን ስንሮጥበት አንድ ቀን እንኳ ወድቀን አናውቅም። ለምን እንደ ሆነ የገባን ዘንድሮ ነው፤ ደረጃዎቹ ሁሉ እኩል ነበሩ።

በ1952 ዓ/ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ባለግንቡም ሕግ ሳይጠራው የማድ ቤቱን ዋጋ ከፍሏል። በመስከረም ስንመለስ ግንቡ እንደ ገና በመሠራት ላይ ነበር። ስፓጎው ተወጥሯል፣ ቱምቢው ተንጠልጥሏል፤ ውፍረቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ከጀርባው የሚሞላ ጠጠር ግን በግቢው ውስጥ አላየንም፤ ቱቦም አልነበረም። ግንበኛውን ብንጠይቀው በአገጩ ወደ ታች እያመለከተ «እማማ ይቆጣሉ» አለን።

ባልቴቲቱ ለሠራተኞቹ ቡና ይዘው ወጥተው ነበር። ቀረብ ብለን የውኃውን ነገር በተቻለን አስረዳናቸው፤ ቱቦው ከሌለ ይህኛውም እንደሚወድቅ ነገርናቸው። እስክንጨርስ በትዕግሥት አዳመጡን። ከዚያ በኋላ «ልጆቼ፣ መልካም ነው። ውኃው ከግንቡ ይውጣ። ከእኔ ደጅስ ወዴት ይሂድ ትላላችሁ?» አሉን።

ሜትራችንን አውጥተን ከግንቡ ሥር እስከ መንደሩ ቦይ ድረስ ለካን። 11 ሜትር ነው፤ ከዚያም ውስጥ 6ቱ በሦስተኛ ጎረቤት ግቢ ያልፋል።