በሰው ፖስታ ሣጥን

አዳማ ላይ አንድ ሰሞን «ቪፒኤን አብራ!» ከሰላምታ እኩል ሆኖ ነበር። የካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው እስከ ሐምሌ በቆዩበት ጊዜ ማለቴ ነው። ባጃጅ ነጂውም መምህሩም በነፃ ያገኘውን ስልኩ ላይ ጫነ። እስከዚህ ምን ክፋት አለው? የኔ ጠብ «አሁን ማንም አያየኝም» ከሚለው ጋር ነው።

ቪፒኤን የእርስዎን የኢንተርኔት አድራሻ ደብቆ በራሱ አድራሻ ይልክልዎታል። ዱሮ ሣጥን ያልነበረን ሰዎች በዘመድ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ደብዳቤ እንቀበል አልነበር? ላኪው ቤታችንን አያውቅም። ዘመድየው ግን ፖስታው ቢታሸግም ከማን እንደመጣ፣ በስንት ቀኑ እንደሚመጣ ያውቃል። ታዲያ ይህ የማናውቀው ዘመድ ያለ ደመወዝ የሚላላክልን ለምንድን ነው? አንዳንዱ የሚኖረው የኛኑ ምስጢር ሸጦ ነው።

ቴሌውም ቢሆን የት እንደሄድን ባያይ ጭምብል ማጥለቃችንን ያያል። በ2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው መደበቂያ እዚህ አገር የታገደው የግንኙነቱ ቅርጽ ተለይቶ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት መስመሩ ከነግንዱ ሲቆረጥማ ቪፒኤኑም አብሮ ጠፋ።

የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም በገዛ ስሙና ፎቶው ፌስቡክ ገብቶ፣ ሠፈሩን ለጥፎ፣ «አድራሻዬን ደብቄአለሁ» የሚለው ልጅ ነው። በዚያ ድፍረት የጻፈው ቢያሳስረው «አብራ» ያለው ጓደኛው አብሮት አይገባም። በየሆቴሉ ክፍት ዋይፋይ ለሚሠራ የስብሰባ እንግዳ ግን፣ ከፍሎ ያመነውን ከያዘ፣ ይጠቅመዋል።