የሚራመደው ሠራተኛና የመሥሪያ ቤቱ መኪና፦ በጤና ተቋማት የጉዞ ልማድ ላይ ከካፋ ዞን የቀረበ ሂስ

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መጠሪያ ከተሽከርካሪ ነፃ የሆኑ ቀናት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መከበር ሲጀምሩ፣ ብዙዎቻችን ሐኪሞች አደባባይ ወጥተን ደግፈናል። ዓላማው አሁንም ድጋፍ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ መልእክቱ በአብዛኛው ለግለሰቡ የተነገረ ነበር። ነዳጅ የሚፈቅደው፣ መኪና የሚመድበውና ስብሰባ የሚጠራው አሠሪ ግን ሳይጠየቅ ቀርቷል። እኛ የጤና ተቋማት ደግሞ ከአሠሪዎቹ መካከል ነን። በእንግሊዝ ሀገር ከጠቅላላው የመንገድ ጉዞ 3.5 በመቶ ያህሉ ከብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ ጋር የተያያዘ መሆኑ መሰላቱ፣ የጤና ተቋም በጉዞ ረገድ ቀላል አሠሪ አለመሆኑን ያስገነዝባል።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከቦንጋና ከካፋ ዞን አንጻር ይመለከታል። በሌላው ዓለም አሠሪዎች የሚሰጣቸው ምክር የታወቀ ነው፤ ሠራተኛው መኪናውን ትቶ በእግሩ እንዲመጣ፣ ብስክሌት እንዲጠቀም ወይም ከባልደረባው ጋር እንዲሳፈር አበረታቱት ይባላል። በካፋ ግን አብዛኛው የጤና ሠራተኛ የሚተወው መኪና የለውም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተሰማሩ እኅቶቻችን በዴቻ፣ በጨና ወይም በአዲዮ ዳገትና ጭቃ ከቤት ወደ ቤት የሚዘልቁት በእግራቸው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እነርሱ ይህን መጠን በሁለት ቀን ያጠናቅቁታል ብል ማጋነን አይሆንም። ስለሆነም በዞናችን የአሠሪው ተግባር ሠራተኛውን እንዲራመድ መምከር ሳይሆን፣ አስቀድሞ የሚራመደው ሠራተኛ ጉዞው ከአደጋ የተጠበቀና ክብር ያለው እንዲሆን ማድረግ ነው።

አሁን የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በበጀታችን ውስጥ ጉዞ የሚቆጠረው ነዳጅ ሲቀዳ ወይም ውሎ አበል ሲከፈል ነው። በመደበኛ የሥራ ቦታዋ ስትመላለስ የምትውለው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የምትጓዘው መንገድ በማንኛውም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ ከቅንጦት ይቆጠራል፤ የነዳጅ ጥያቄ ግን እንደ አስቸኳይ ጉዳይ ይታያል። በሌላ አነጋገር፣ አካባቢን የማይበክለው ጉዞ ያልተከፈለበት ድካም ሲሆን፣ የሚበክለው ጉዞ ተጨማሪ ገቢ ያስገኛል። ሥርዓቱ ይህን እየሸለመ ሠራተኛውን ስለ አየር ንብረት ማስተማር ከንቱ ነው።

ከራሴ ገጠመኝ አንዱን ልጥቀስ። በዞኑ ውስጥ በምሠራበት ተቋም ሳለሁ ለሁለት ቀን ስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ተጠራሁ። መንገዱ 460 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ መሄጃና መመለሻው ተጨማሪ ሁለት ቀን ወሰደ። ለአራት ቀናት የተኙ ሕሙማኔን የተረከበው አንድ ባልደረባዬ ብቻ ነበር፤ እርሱም በእነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ አላገኘም። በስብሰባው የቀረበው ግን በጽሑፍ ሊላክ የሚችል ሪፖርት ነበር። ስመለስ ከእኛው ጋር በአንድ ቀን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አንድ አንድ ሰው ብቻ የጫኑ የመንግሥት መኪኖች አየሁ። አበሉን ግን እኔም ተቀብያለሁ። ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር በማይመጣጠንበት ሁኔታ ሠራተኛው ጉዞን እንደ ገቢ ምንጭ ቢያይ የሚወቀሰው እርሱ ብቻ አይደለም።

በእርግጥ ጉዞ ሁሉ ብክነት ነው ማለቴ አይደለም። መተንፈስ ያቃተውን ጨቅላ መርዳት በስልክ አይሠለጠንም፤ ጤና ኬላን በአካል ሳያዩ መደገፍም አይቻልም። የመብራትና የኔትወርክ መቆራረጥም የርቀት ስብሰባን ያሰናክላል። ስለዚህ መለየት ያለብን እጅ የሚፈልገውን ጉዞ ወረቀት ብቻ ከሚያመላልሰው ጉዞ ነው።

ይህን ለማድረግ ጊዜው ምቹ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ለክልል ጉዳይ እስከ ሐዋሳ መጓዝ ቀርቷል። ሆኖም የክልሉ መቀመጫዎች በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በተርጫና በቴፒ የተከፋፈሉ በመሆናቸው፣ የጉዞ ሥርዓት ካልተበጀ አሮጌው ልማድ በአዲስ መንገድ መቀጠሉ አይቀርም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ አንድ ሰው ብቻ የጫነ የኤሌክትሪክ መኪናም ያው ባዶ መኪና ነው።

በመሆኑም ተቋማት ያለ ከፍተኛ ወጪ ሊጀምሯቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። አንደኛ፣ የሳምንቱ ጉዞ ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ተለጥፎ ክትባት፣ የላቦራቶሪ ናሙናና ድጋፋዊ ክትትል በአንድ መኪና ይጓዙ፤ አምቡላንስ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ሁለተኛ፣ ስብሰባ ጠሪው አካል ጉዞው ለምን በአካል እንዳስፈለገ በጽሑፍ ይግለጽ። ሦስተኛ፣ ሞተር ሳይክል የሚሰጥ ተቋም የራስ ቁርም አብሮ ይስጥ፤ የራስ ቁር የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮክሬን ጥናታዊ ግምገማ አሳይቷል። አራተኛ፣ በሌሊት ተረኛ ለሆኑ አዋላጆችና ነርሶች ከሁሉ የሚሻለው የጉዞ ድጋፍ በጤና ተቋሙ አጠገብ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ነው። አምስተኛ፣ በእግር ለሚሠራ ሠራተኛ ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ በመደበኛ በጀት ይያዝ።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቦ ዓለም አክብሮታል። በዚያ ደን ውስጥ ክትባት ይዛ የምታልፈውን ሠራተኛ የሚያከብራት ግን አሠሪዋ ነው። አክብሮቱ በወረቀት ሊገለጥ የሚችለው ደግሞ የቦት ጫማዋ ዋጋ በበጀት ዓመቱ ሰነድ ውስጥ ሲገኝ ነው።